ቴሌስኮፕ የለንም፤ የድሮዎቹ የከዋክብት መጻሕፍት ለክበባችን ይሆናሉ?

የሜዳዋ መምህርት (መሐል ሜዳ)፣ ታኅሣሥ 12

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ የሳይንስ ክበብ አለን። ክበብ ስላችሁ ብዙ እንዳትጠብቁ። ሃያ ሁለት ልጆች፣ አንድ ሰሌዳ፣ ከዘመድ የተዋስኩት አንድ ባይናኩላር (ላዩ ላይ 10 በ50 ይላል)፣ አለቀ። ቴሌስኮፕ የለም። ኔትወርኩም እንደ ቀኑ ነው።

ሰማዩ ግን አለ። በታኅሣሥ ውርጭ ማታ መብራት ሲሄድ እዚህ የሚታየውን ኮከብ አዲስ አበባ ያለ ሰው አይቶት አያውቅም።

ሰሞኑን ስጎረጉር በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አውሮፓ ውስጥ ለተራ አንባቢ የተጻፉ የከዋክብት መጻሕፍትና የ«ሳይንስ ጨዋታ» መጻሕፍት እንደነበሩ አየሁ። በክር፣ በመስታወት፣ በውሃ፣ በሚዛን የሚሠሩ ነገሮች አሏቸው። እኔም ያለኝ ክር፣ መስታወትና ውሃ ነው። አንዱን አውርጄ ጀመርኩት። ፎንትኔል የሚባል ፈረንሳዊ በ1686 ያሳተመው ነው። አንድ ሰውዬ ከአንዲት ወይዘሮ ጋር አምስት ማታ አትክልት ቦታ ውስጥ እየተንሸራሸሩ ስለ ጨረቃና ስለ ፕላኔቶች ይጨዋወታሉ። እንደ ቡና ላይ ወሬ ነው የሚነበበው። ወደድኩት። ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው ግን ሳቁብኝ። «የሦስት መቶ ዓመት መጽሐፍ ለልጅ?» አሉኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። ከእነዚህ መጻሕፍት መንዝ ላይ በእጅ ሊሠራ የሚችል ነገር ያለው የትኛው ነው? ወይስ ሳቃቸው ልክ ነው?

ፊዚክስ አራተኛ ዓመት (ደብረ ብርሃን)፣ ታኅሣሥ 12

እንዳይከፋሽ እንጂ ልክ ናቸው። ፎንትኔል ፕላኔቶችን የሚያዞረው የፈላስፋው የዴካርት አዙሪት ነው ባይ ነው። ሰማዩ እንደ ወንዝ እየተሽከረከረ ፕላኔቶቹን እንደ ገለባ ይዟቸው ይዞራል ይላል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1687፣ ኒውተን ፕላኔቶቹን የሚይዛቸው ስበት ነው የሚለውን መጽሐፉን፣ ፕሪንኪፒያን፣ አወጣና ጨዋታው አበቃ። ሰውዬው ግን መቶ ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው በ1757 እስኪሞት ድረስ ከአዙሪቱ አልወረደም። ጨረቃ ላይ ነዋሪ ሊኖር ይችላልም ይላል። ልጆቹ ይህን ፈተና ላይ ቢጽፉልሽስ? ስቴላሪየምን (የሰማይ ካርታ የሚያሳይ አፕ ነው) ስልክሽ ላይ ጫኚ። ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ጨረስሽ።

ጣርማበር ላይ፣ ታኅሣሥ 13

ልጄ ፊዚክስ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው። ግን መምህርቷ የጠየቀችው ሌላ ነው። በእጅ የሚሠራ ምን አለ ነው ያለችው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስልክ የያዘ ልጅ ስልኩን እንጂ ሰማዩን አያይም። ይህን በልጅ ልጆቼ አይቸዋለሁ።

ፎንትኔልንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትጣለው። ምድር በአንድ ጊዜ በራሷ ዙሪያም በፀሐይ ዙሪያም እንዴት ትዞራለች ብላ ወይዘሮዋ ስትቸገር፣ በአትክልቱ መንገድ ላይ የተወረወረች ኳስ እየተንከባለለችም ወደፊት እየሄደችም አይደለም ወይ ይላታል። እኔ ይህቺን ኳስ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ አንከባልያታለሁ። ከየት እንደመጣች ያወቅሁት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፎንትኔልን ለራስሽ ማታ ማታ አንብቢው። ለክበቡ የምመክርሽ ጄምስ ፈርጉሰንን ነው። ስኮትላንዳዊ ነው፣ በ1710 የተወለደ የድሃ ገበሬ ልጅ። ትምህርት ቤት የገባው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ማንበብ የጀመረው አባቱ ታላቅ ወንድሙን ሲያስተምር ከጎን ሆኖ እየሰማ ነው። ከዚያ ለእረኝነት ተሰጠ፣ በጎች ይጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። ማታ ሥራው ሲያልቅ ብርድ ልብስ ለብሶ ሜዳ ላይ በጀርባው ይተኛል። ትንንሽ ዶቃ የተሰካበት ክር አለው። ክሩን በእጁ ዘርግቶ ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ይወጥራል። ዶቃዎቹን እያንሸራተተ አንዷ ዶቃ አንዱን ኮከብ፣ ሌላዋ ሌላውን እንድትጋርድ ያደርጋል። ከዚያ ክሩን እንዳለ ወረቀት ላይ ያጋድምና ዶቃዎቹ ባሉበት ነጥብ ይጥላል። ሻማ አብርቶ! የሰማይ ካርታ እንዲህ ሠራ። ቀጥሎ የተቀጠረበት ገበሬ ነገሩን ሲያይ አልተቆጣም። እንዲያውም ልጁ ካርታውን እንዲጨርስ ብሎ መውቂያውን ከእጁ ተቀብሎ ራሱ ይወቃለት ነበር። እንዲህ ያለ ጌታ ዛሬም አይገኝም።

ይህ እረኛ አድጎ በ1756 የኒውተንን አስትሮኖሚ ሂሳብ ላልተማረ ሰው የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ደጋግሞ ታተመ። በ1773 አንድ ሙዚቀኛ ያን መጽሐፍ ገዛ። ዊልያም ኸርሼል ይባላል። ባዝ በምትባል ከተማ ሙዚቃ እያስተማረ የሚኖር ሰው ነው። ከዚያ በገዛ እጁ መስታወት እየሞረደ ቴሌስኮፕ መሥራት ያዘ። በ1781 መጋቢት ላይ ከቤቱ ጓሮ ሆኖ ዩራነስን አገኘ። ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቁት ውጭ የተገኘች የመጀመሪያዋ ፕላኔት ናት።

መንዝ ውስጥ እረኛ ያልሆነ ተማሪ ካለሽ ንገሪኝ።

አንድ ማሻሻያ ልጨምርልሽ። የዶቃው ክር መሐል ላይ ሌላ ክር እሰሪና ከዓይን እስከ ዶቃው ያለው ርቀት 57 ሴንቲሜትር እንዲሆን ለክተሽ ቋጪው። ልጁ ቋጠሮውን በጥርሱ ይነክሳል፣ ክሩን ይወጥራል። በዚያ ርቀት 1 ሴንቲሜትር ማለት 1 ዲግሪ ማለት ነው። የዓረብ መርከበኞችም በተመሳሳይ ብልሃት ይለኩ ነበር።

የእህል በረንዳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፣ ታኅሣሥ 13

ጋሼ ጣርማበር፣ የእረኛውን ታሪክ ለወንድሜ አነበብኩለት፣ መውቂያው ጋ ሲደርስ ሳቀ።

እኔ ስለ ከዋክብት አላውቅም። አባቴ ገብስ ነጋዴ ነው፣ ያደግሁት ሚዛን ሥር ነው። ግን ከእነዚህ የጨዋታ መጻሕፍት አንዱን አውቃለሁ። ባሼ የሚባል ፈረንሳዊ የጻፈው ነው፣ በ1612 የወጣ። እዚያ ውስጥ ያለች አንዲት ጥያቄ አለች፣ ክበባችሁ ይሞክራት። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለህ። ከ1 እስከ 40 ያለውን ማንኛውንም ክብደት ለመመዘን ቢያንስ ስንት መመዘኛ ያስፈልግሃል?

ሰው ሁሉ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ብሎ ስድስት ይላል። መልሱ አራት ነው። 1፣ 3፣ 9 እና 27። ምስጢሩ መመዘኛው ከእህሉ ጋርም መቀመጥ መቻሉ ነው። 5 ኪሎ ገብስ ስትፈልጊ 9ኙን በአንድ በኩል፣ ገብሱን ከ3ቱና ከ1ዱ ጋር በሌላ በኩል። 20 ስትፈልጊ 27ቱና 3ቱ በአንድ በኩል፣ ገብሱ ከ9ኙና ከ1ዱ ጋር።

ለአባቴ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ገዢው እንዴት ያምንሃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከእህሉ ጋር ብረት ስታስቀምጥ ያየ ገበሬ ቀጥሎ አንተጋ አይመጣም። ግን ለልጆች ግሩም ነው። መመዘኛ ባይኖር አሸዋ በፌስታል ይሠራል።

የአንኮበሩ ዲያቆን፣ ታኅሣሥ 14

ይህን ሁሉ ከፈረንጅ ብቻ መፈለግ ለምን አስፈለገ? ባሕረ ሐሳብ እኮ እጅ ላይ የሚቆጠር ሂሳብ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፣ ለምሳሌ 2018 ላይ ሲደመር 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፣ ወንበር ይሄ ነው። ወንበርን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ሲያዝ) 12 ይቀራል፣ አበቅቴ። ወንበርን በ19 አባዝቶ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፣ መጥቅዕ። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይመጣሉ (ወንበር አልቦ፣ ማለትም ዜሮ፣ ሲሆን መጥቅዕን 30 እንላለን)። ልጆቹን ለምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል ብለሽ ጠይቂያቸው። 11 እና 19 ስንት ነው በያቸው፣ ከዚያ ዝም በይ።

ፊዚክስ አራተኛ ዓመት፣ ታኅሣሥ 14

ዲያቆን፣ ይቺን ለራሴ ወስጃታለሁ 😄 መቼም ተሸንፌያለሁ ግን አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ አልሄድም። ኦዛናም የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በ1694 ያወጣው ትልቅ የጨዋታ መጽሐፍ አለ፤ ኋላ ሞንቱክላ አደሰው፣ ሃተን በ1803 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ብዙ ጥሩ ነገር አለው። ግን ርችት አሠራር የሚያስተምር ክፍልም አለው። ያን ገጽ ልጆቹ እንዳያዩት፣ በሞቴ።

የሜዳዋ መምህርት፣ ታኅሣሥ 26

ተመልሻለሁ። የዘገየሁት ሠርተን ነው።

ዶቃ ፍለጋ ሰፈር ዞርኩ። አንዷ ተማሪ የአያቷን የአንገት ዶቃ ይዛ መጣች። አያቷ «ትመልሺልኛለሽ» ብለው ቆጥረው ነው የሰጧት፣ አሥራ ሰባት። ክሩን ጋሼ እንዳሉት አሰርን።

ቅዳሜ ማታ ጨረቃ ሙሉ ነበረች። ስትወጣ ከኮረብታው በላይ እንደ ምጣድ ትልቅ ሆና ታየች። ከመለካታችን በፊት ስንት ሴንቲሜትር ትሆናለች አልኳቸው። አምስት፣ አሥር፣ አንዱ ሃያ አለ። ከዚያ አንዱ ልጅ ባናውን ተከናንቦ ቋጠሮውን ነከሰና አንዲት ዶቃ ጨረቃዋ ላይ አደረገ። ጨረቃ ጠፋች! ዶቃዋ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ናት። አላመኑም። ተራ በተራ ሁሉም ነከሰ (ቋጠሮውን አጥበነዋል እባካችሁ)። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጨረቃዋ ወደ አናታችን ስትጠጋ፣ ያቺ «ምጣድ» ትንሽ ሳንቲም መስላ ሳለ፣ እንደገና ለኩ። ያችው ዶቃ ነች። አንዷ «ታዲያ ማታ ማን ነው የዋሸን?» አለች። መልስ ለዓርብ አሳደርኩት።

ጁፒተር ከጨረቃዋ አጠገብ ነበረች። ባይናኩላሩን አጥር ላይ አስደግፈን አየን። አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ሦስት ነጥብ ከጎኗ አየሁ አለ። ጋሊልዮ እነዚያን የጁፒተር ጨረቃዎች ያየው ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ነው ስላቸው፣ ያ ቀን ዘንድሮ ገናችን ላይ ስለሚውል ማታውን እንደገና እንውጣ አሉ። ወላጆች ይፈቅዱ እንደሆነ እንጃ።

የከሸፈውንም ልንገራችሁ። ከድሮ የእንግሊዝ መጻሕፍት ካነበብኩት ተነስቼ የሰሜን ኮከብን ትልቁ ድብ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ተመሩና ከሰማዩ እኩሌታ ከፍ ብላችሁ ፈልጉ አልኳቸው። ድቡም የለም፣ ኮከቡም የለም። ሃያ ሁለት ልጅ ፊት አፈርኩ።

ፊዚክስ አራተኛ ዓመት፣ ታኅሣሥ 26

መጽሐፉ አልዋሸሽም፣ የተጻፈው ለለንደን ሰው ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቆምሽበት ቦታ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ ያለው ርቀት) ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ነው፣ ስለዚህ እዚያ ከፍ ብሎ ይታያል። መሐል ሜዳ ግን ከ10 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። በአንቺ ክር ከአድማስ በላይ 10 ሴንቲሜትር ነው! ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ ካለ አለቀ፣ ተጋርዷል። ድቡም ለእነሱ ሌሊቱን ሁሉ አይጠልቅም፣ ለኛ ግን በታኅሣሥ ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ግን ወደ ደቡብ ዞራችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት እዩ። ፈርጉሰን በጎቹን ሲጠብቅ ያን ለማየት ዕድል አልነበረውም።

ሰሜኑ ክፍት የሆነ ቦታ ፈልጊና ልጆቹ በዶቃው ይለኩት። የራሳቸውን ኬክሮስ ያገኛሉ። ስቴላሪየም ያልኩትን እርሺው።

የሜዳዋ መምህርት፣ ታኅሣሥ 27

በሰሜን በኩል ባሕር ዛፍ ነው ያለን። አንዱ ልጅ ግን ከብት የሚያሰማራበት ገደል አፋፍ ላይ ምንም አይጋርድም አለኝ። ለሁለት ሳምንት የአያትየዋን ዶቃ ማስፈቀድ አለብኝ። አንዷ ጠፍታለች፣ አሥራ ስድስት ቀርተዋል፣ እስካሁን አልነገርኳቸውም።