ልጄ ሥራውን ያውቀዋል፣ መጀመር ግን ያቅተዋል
ሰላም ለሁላችሁ። ኦቲዝም ያለበት የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው። ግን «ቦርሳህን አዘጋጅ» ስለው አንድ ደብተር እንደያዘ ክፍሉ መሃል ቆሞ ይቀራል። ስንፍና አይደለም፣ በፍጹም! ማቀድ፣ መጀመር፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር ነው የሚከብደው። ሥራውን ቆራርጬ በሥዕል ግድግዳ ላይ ስለጥፍለት ጥሩ ይሄዳል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ትንሽ ሲዛባ ነው። እርሳሱ ከቦታው ከጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ እጁን እያፍተለተለ ያለቅሳል። እኔ አጠገቡ ከሌለሁ አይቀጥልም።

ሥዕሎቹን ሳላነሳበት ድንገተኛ ለውጥን እንዴት ላለማምደው? ከጎኑስ ሳይደነግጥ ቀስ በቀስ እንዴት ልራቅ? በዚህ ያለፋችሁ ወላጆችም፣ ራሳችሁ ኦቲዝም ያለባችሁም፣ እባካችሁ ምን እንደረዳችሁ ንገሩኝ። ጨንቆኛል።