ግድብ የሌለው ትንሽ የውሃ ኃይል በሲዳማ ደጋ፦ ለወንዙ ስንት ይተው? ከሕዝቡ ጋርስ እንዴት እንዋዋል?

ሎጊታ12፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሲዳማ ደጋ ከአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ጋር ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ለመሥራት ጥናት ላይ ነን። ውሃውን ጠልፈን፣ በ340 ሜትር ቦይ ወስደን፣ በ60 ሜትር ቧንቧ አውርደን እዚያው ወንዝ ላይ እንመልሰዋለን። ከፍታው 22 ሜትር ነው። ሐምሌ ላይ በተንሳፋፊ እንጨት ስንለካ 310 ሊትር በሰከንድ መጣ፤ በዚህ 67 ኪሎዋት ይወጣል። የካቲት ላይ ግን በ90 ዲግሪ የ‹ቪ› መለኪያ ሳንቃ (ውሃው በ‹ቪ› ቅርጽ በተቆረጠ ክፍት በኩል የሚፈስበት ሳንቃ) የውሃው ቁመት 42 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። ተጠቃሚው 180 አባወራ ነው። ከጠለፋው በታች ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትና ከብት የሚጠጣበት ቦታ፣ እንዲሁም ሁለት የጓሮ አትክልት መስኖ አለ። ከጠለፋው በላይ ደግሞ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። የትኛውን ልኬት እንያዝ? ለወንዙስ ስንት እንተው? ቀበሌው ማኅተም ያለበት የስምምነት ደብዳቤ ሰጥቶናል፤ ይበቃል?

ክሮስፍሎው፦
እህቴ፣ 67ቱን ኪሎዋት እርሺው። ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው እንዲህ ያበጠው። አንደኛ፣ ተንሳፋፊ እንጨት የሚለካው የላይኛውን የውሃ ፍጥነት ነው፤ ድንጋያማ ወንዝ ላይ ከ0.65 እስከ 0.75 ባለው ካላባዛሽው ውሃውን ያበዛብሻል። ሁለተኛ፣ ስሌቱ ውስጥ የማሽኑ ብክነት የለም። በቧንቧ፣ በተርባይን፣ በቺንጋና በጄኔሬተር የሚጠፋው ሲደመር በዚህ መጠን ላለ ጣቢያ 0.55 ብትይዢ ሰው አታሳስቺም።

መነሻሽ የየካቲቱ ልኬት ይሁን። ለ90 ዲግሪ ‹ቪ› ቀመሩ 1.38 ሲባዛ በቁመቱ (በሜትር) 2.5 ኛ ርቢ ነው። 42 ሴንቲሜትር ወደ 158 ሊትር በሰከንድ ይሰጣል። 41 ቢሆን ኖሮ 149 ነበር። አንዲት ሴንቲሜትር ዘጠኝ ሊትር ነው የምታጠፋው፤ ስለዚህ ማስመሪያው ሳንቃው ላይ ሳይሆን ከሳንቃው 2 ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ ውሃው ጸጥ ባለበት ይተከል። ሳንቃው ላይ ውሃው ሲወርድ ስለሚጎብጥ ቁመቱ አንሶ ይነበባል። አንድ ቀን ለክቶ መተውም አይበቃም። ቢያንስ ከኅዳር እስከ መጋቢት በየሳምንቱ ይመዝገብ፣ ዝቅተኛው ቁጥር ይያዝ።

ከ158ቱ 45 ሊትር ለወንዙ ተይው፤ 110 ለማሽኑ ይቀራል። 9.81 ሲባዛ በ0.11፣ በ22፣ በ0.55 ወደ 13 ኪሎዋት ይሆናል። የጣቢያው እውነተኛ አቅም ይህ ነው። በክረምት ከዚህ በላይ ለማመንጨት ትልቅ ማሽን መግዛት ግን ስድስት ወር ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ብረት መግዛት ነው።

ለወንዙ የሚተወውን ውሃ በበር አትቆጣጠሪው። በር ካለ አንድ ቀን የሚዘጋው ሰው ይገኛል፣ በተለይ መብራት በደከመበት ምሽት። የጠለፋው ግድግዳ ውስጥ በር የሌለው ቋሚ መክፈቻ ይተው። ከመክፈቻው መሃል እስከ ውሃው ወለል 40 ሴንቲሜትር ከሆነ 15 በ18 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ 45 ሊትር ያህል ያሳልፋል። ዋናው ነገር የመክፈቻው ወለል ከቦዩ መግቢያ ወለል ዝቅ ማለቱ ነው። ወንዙ ሲጎድል በመጀመሪያ የሚጎድለው የማሽኑ ድርሻ ይሆናል፣ ሴቶቹ የሚቀዱት አይነካም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ አለው ይላል፤ ይህ መክፈቻ ያንን በሲሚንቶ መጻፍ ነው።

ለተርባይን ክሮስፍሎው የሚባለውን፣ ውሃው በሚሽከረከረው ክፍል (ሮተር) ምላጮች መሃል አቋርጦ የሚያልፍበትን ዓይነት ያዢ። ላሜራ የሚቆርጥና የሚበይድ ጥሩ ጋራዥ ሊሠራው ይችላል፤ ውሃ ሲቀንስም ብቃቱ ብዙ አይወርድም። በሲዳማ በጀርመን ልማት ትብብር ድጋፍ የተሠሩት የጎቤቾ፣ የኤረርቴና የሃጋራ ሶዲቻ ጣቢያዎችም በዚሁ ዓይነት ተርባይን የሚሠሩ፣ ከ7 እስከ 55 ኪሎዋት የሚያመነጩ ናቸው። በ22 ሜትር ከፍታ 30 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ሮተር በደቂቃ 625 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ጄኔሬተሩ 1500 ስለሚፈልግ የፑሌጃው ምጥጥን 2.4 ይሆናል።

የሶንጎ_ጎረቤት፦
ስለ ደብዳቤው እኔ ልመልስ። አይበቃም። የቀበሌ ማኅተም የአስተዳደሩን ፈቃድ ያሳያል፣ የሕዝቡን ግን አያሳይም። ሲዳማ ውስጥ የጋራ ውሃና መሬት ነገር የሚታየው በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፣ የሚታየውም በአፊኒ ሥርዓት፦ ጉዳዩ ይነገራል፣ ‹ሰማችሁ?› ተብሎ ይጠየቃል፣ እያንዳንዱ የሰማውን ያህል ይናገራል፣ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ይወሰናል። አንድ ቅዳሜ ጠርቶ አስፈርሞ መሄድ ሥርዓቱን መናቅ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ዝም ቢሉም ቦዩ ሲቆፈር ዝምታው ያልቃል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፣ በሲዳምኛ ይካሄድ፣ ዕቅዱም በወረቀት ሳይሆን መሬቱ ላይ ችካል ተተክሎ ይታይ። ‹ቦዩ በዚህ እንሰት መሃል ያልፋል› ሲባል ባለ እንሰቱ እዚያው ቆሞ ይስማ።

አንድ ጥንቃቄ። ሶንጎው ላይ ሴቶች ብዙም አይናገሩም፤ ውሃውን የሚቀዱት ግን እነሱ ናቸው። ለብቻቸው፣ ሴት ባለሙያ ይዛችሁ፣ ወንዙ ዳር ጠይቋቸው። የትኛው ድንጋይ ላይ ልብስ እንደሚታጠብ፣ በጥር ውሃው እስከየት እንደሚወርድ ከማንኛውም መለኪያ ሳንቃ በተሻለ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ሁለቱን መስኖዎች እንደ ችግር አትዩአቸው። በአዋጅ 197/1992 ባህላዊ መስኖና የውሃ ወፍጮ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ የእናንተ ማመንጫ ግን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለድርድር የምትቀርቡት እናንተ ናችሁ። አንድ ቀላል መፍትሔ፦ መስኖ የሚጠጣው ቀን ነው፣ መብራት የሚፈለገው ማታ ነው። የማሽኑ ውሃ በደረቁ ወራት ቀን ላይ በተወሰነ ሰዓት ለመስኖ እንዲለቀቅ ተዋዋሉ፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰውም ከሁለቱም ወገን ይመረጥ፣ በአማራ ክልል የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት እንደሚባለው ዓይነት።

የማኅበሩ አደረጃጀት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይሁን፣ የአካባቢ ተጽዕኖውም በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ይታይ። ውሉ ውስጥ ሰዎች የሚረሱት የጉልበት ሥራ ነው። ቦይ ለመቆፈርና አሸዋ ለመሸከም የወጣው ሰው ቀኑ ተቆጥሮ በስሙ ዕጣ (የባለቤትነት ድርሻ) ይመዝገብለት። ‹የማኅበረሰብ አስተዋጽዖ› ተብሎ በሪፖርት ላይ ብቻ ከተጻፈ ባለቤትነቱ ለጋሹ ጋ ይቀራል፣ ማሽን ሲበላሽም ‹የእናንተ ማሽን› ይባላል። ሌላው፣ ብሔራዊው የመብራት መስመር ሲደርስ ምን ይሆናል የሚለው አሁን ይጻፍ፦ ማሽኑ ለወፍጮ ይዞራል? ይሸጣል? ገንዘቡ የማን ነው? ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ መስመሩ ሲመጣ ማመንጫው ባለቤት አጥቶ ይዝጋል።

ፊውዝ፦
ኤሌክትሪኩን ልጨምር። 180 ቤት ላይ እያንዳንዱ 0.5 አምፔር ብሬከር ከተሰጠ፣ ሁሉም በአንድ ላይ እስከ ጫፍ ሲጠቀሙ 20.7 ኪሎዋት ነው፤ የእናንተ 13 ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ያበራል፣ ስለዚህ ‹አይገጣጠምም› የሚል ተስፋ አይሠራም። ወይ ለ100 ቤት ብቻ 0.5 አምፔር ስጡ፣ ወይ ለሁሉም በ60 ዋት የሚገድብ መሣሪያ ግጠሙ። 60 ዋት አራት የኤልኢዲ አምፖል፣ ስልክና ሬዲዮ በደንብ ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፤ ሦስት ምጣድ ጣቢያውን ይጨርሰዋል። ይህንን ቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ‹መብራት ሲገባ እንጀራ በኤሌክትሪክ ትጋግራላችሁ› የተባለ ሰው ኋላ አይምራችሁም።

ወፍጮ ካሰባችሁ ደግሞ በሞተር አታዙሩት። 7.5 ኪሎዋት ሞተር ሲነሳ የሥራውን አምፔር አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፣ ቮልቴጁን ይጥለዋል። ከመስኖው ሰዓት ውጭ ከተርባይኑ ዘንግ በቺንጋ ቀን ቀን በቀጥታ ይዙር። የጥገና ገንዘብ የሚመጣው ከአምፖል ሳይሆን ከወፍጮ ነው።

ፍጥነቱን የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክ ጭነት መቆጣጠሪያ ነው፤ ሕዝቡ ያልተጠቀመበትን ኃይል ወደ ውሃ ማሞቂያ ይለውጠዋል። የማሞቂያዎቹ ድምር 16 ኪሎዋት ይሁን፣ ከጄኔሬተሩ 20 በመቶ ያህል ይብለጥ። ብልሽቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የማሞቂያ ገንዳው ውሃ ይደርቃል፣ ማሞቂያው ይቃጠላል፣ ሌሊት ጭነት ሲወርድ ተርባይኑ ያለ ልጓም ይሮጣል፣ ቮልቴጅ ይወጣል፣ የመንደሩ አምፖል በአንድ ሌሊት ያልቃል። ለገንዳው ቋሚ ቀጭን የውሃ መስመር ይግባለት፣ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚቆርጥ መከላከያም ይገጠም። ጥንድ ኩሽኔታ፣ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ማሞቂያና ግራሶ ከመጀመሪያው ቀን መደርደሪያ ላይ ይኑር።

ሎጊታ12፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሶንጎውን ነገር ከልብ ይዣለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የቧንቧው ስፋት፣ እና ከላይ ካለው ቡና ማጠቢያ የሚመጣው ልጣጭ።

ክሮስፍሎው፦
ለ110 ሊትር 200 ሚሊሜትር ቧንቧ ወደ 3.7 ሜትር ከፍታ በሰበቃ ይበላብሻል፤ 250 ወደ 1.2 ሜትር፣ 300 ደግሞ ግማሽ ሜትር ብቻ። 250 ጥሩ ሚዛን ነው፣ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ 300 ግዢ። ፒቪሲ ከሆነ ይቀበር፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

የቡናውን ልጣጭ በማጣሪያ ብቻ አትገላገይውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወንፊቱ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ይደፈናል፣ የግፊት ገንዳው (ቦዩ አልቆ ቧንቧው የሚጀምርበት ገንዳ) ይጎድላል፣ ቧንቧው አየር ይስባል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ልጣጩን በጉድጓድ እንዲያስቀር ድርድሩ ውስጥ አስገቡት፤ ከወንዙ ታች ለሚቀዱትም ይጠቅማል። በእናንተ በኩል ወንፊቱ 60 ዲግሪ ያዘንብል፣ በመጥረጊያ ወደ ላይ እንዲጎተት። የአሸዋ ማስቀሪያው ገንዳ 2 ሜትር ስፋት፣ 4 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ካለው 0.3 ሚሊሜትር አሸዋ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ማጠቢያ በር አይርሳ።

ከግፊት ገንዳው ወዲያው በታች፣ ከቫልቩ ቀጥሎ፣ የአየር መተንፈሻ ቧንቧ ይቁም። ከላይ በር ተዘግቶ ከታች ውሃው ሲወርድ መተንፈሻ ከሌለ ቧንቧው እንደ ላስቲክ ይጨመደዳል። የታችኛው ቫልቭ ደግሞ ቢያንስ 30 ሰከንድ ወስዶ በዝግታ ይዘጋ፤ ይህን በትልቅ ፊደል፣ በሲዳምኛና በአማርኛ፣ ቫልቩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስጽፊ።