«ቆዳን ሳይነካ ያድሳል» በተባለው ናኖ ሬቲኖል ላይ

ከማራኪ፦
ትናንት ማታ በዚህ የጎንደር ሰፈሮች ቡድን ውስጥ ስለ ናኖ ሬቲኖል ክሬም፣ ማለትም በእጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ውስጥ ስለተሸፈነ የቫይታሚን ኤ ቅባት፣ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቤ በጣም አዘንሁ። «ናኖ ስለሆነ ቆዳን ሳይነካ ያድሳል፤ ጠዋት ተቀብተው ፀሐይ ላይ ቢውሉም ችግር የለውም» ይላል። እኔ ባለፈው ዓመት ይህንኑ የመሰለ ቃል አምኜ ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ክሬም በየማታው ስቀባ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጉንጬ ተቆጥቶ ተላጠ፤ ሲደርቅም ጥቁር ምልክት ትቶብኝ ለወራት አልለቀቀኝም። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው የገዢው ፊት ሊያሳስበው ይገባል።

ከፒያሳ፦
ማስታወቂያውን የለጠፍሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። በደረሰብሽ ከልቤ አዝናለሁ፤ ያን ክሬም ግን ከእኔ አልገዛሽም። «ሳይነካ» ማለቴ «ሳይጎዳ» ማለቴ እንደሆነ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ይረዳዋል። የድሮው ሬቲኖል ያቃጥል ነበር፤ አሁን የሚመጣው ግን በጥቃቅን የስብ ቅንጣቶች ውስጥ ተሸፍኖ ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ነው። ሴቶች ተመልሰው የሚገዙኝ ስለተስማማቸው ነው።

ከአዘዞ፦
እትዬ፣ በፋርማሲ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ ቀስ በቀስ ስለመለቀቁ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ «ሳይነካ» የሚለውን ግን በየትኛውም ትርጉሙ መቀበል አልችልም። ሬቲኖል ቆዳ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ወደ ሬቲናልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህም በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ምርት ይጨምራል፣ ኮላጅንን የሚያፈርሱት ኢንዛይሞችም ይቀንሳሉ። ሽብሽቡን የሚያለሰልሰውም ቆዳውን የሚያስቆጣውም ያው አንድ ንጥረ ነገር ነው። ቅንጣቱ የሚለውጠው ፍጥነቱንና ቦታውን ነው፤ ብዙ ሬቲኖል በአንድ ጊዜ ላይኛው ቆዳ ላይ እንዳይፈስ በሞተው ሽፋንና በፀጉር ቀዳዳዎች ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ሐሳቡ በናኖ ብቻ የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ለብጉር የተፈቀደው ትሬቲኖይን (ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ የሆነው መድኃኒት) ብዙ ሰው ስላስቆጣ በ1997 ቀዳዳ ባላቸው ጥቃቅን ኳሶች ውስጥ ተጭኖ በድጋሚ ለገበያ ቀርቧል። ያም ቢሆን መቆጣቱን ቀነሰ እንጂ አላጠፋውም።

ከማራኪ፦
እንግዲህ «ሳይጎዳ» ተብሎ ቢተረጎምም ቃሉ ልክ አይደለም ማለት ነው። «ያነሰ ያስቆጣል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እኔ በየማታው አልቀባም ነበር፤ በሳምንት ሁለት ቀን እጀምር ነበር።

ከሳሙና በር፦
እባካችሁ በቃሉ ተናደን ሥራውን አንጣለው። ሬቲኖል በብርሃንና በአየር ቶሎ የሚበላሽ ነገር ስለሆነ በስብ ቅንጣት መሸፈኑ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን ጠይም ቆዳ ሲቆጣ እህታችን እንዳለችው ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ነጭ ቆዳ ላይ በሳምንት የሚጠፋ መቅላት እኛ ላይ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ የለዘበው ሬቲኖል ከማንም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። በየሱቁ በሚሸጠው ማንጫ ክሬም ፊታቸው የተበላሸ ስንት ልጆች እያየን ጥሩውን ከመጥፎው ጋር አብረን ብንኮንን ያሳዝነኛል።

ከቁስቋም፦
ጥሩው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? የናኖሜትርን ያህል ነገር፣ የሚሊሜትርን አንድ ሚሊዮንኛ፣ በዓይኑ የሚለይ ገዢ የለም። ሳጥን ላይ «ናኖ» ብሎ ማተም ለማንም ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ክሬም በፋርማሲ ብቻ ይሸጥ።

ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ ከፋርማሲ ገዝተው የተቃጠሉም አሉ። በአውሮፓ በሱቅ የሚሸጠው ለእኛ ለምን ይከለከላል? የእኔ ክሬም እንደውም ጠንካራ ነው፤ 1 በመቶ ሬቲኖል አለው።

ከአዘዞ፦
እትዬ፣ አውሮፓን ካነሡ አይቀር፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ በፊት ክሬም ውስጥ የሚፈቀደውን ሬቲኖል እስከ 0.3 በመቶ፣ በሰውነት ቅባት ውስጥ ደግሞ እስከ 0.05 በመቶ ወስኖታል። የእርስዎ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ደግሞም ቅንጣቱ ሬቲኖሉን በደንብ የሚያስገባ ከሆነ ትንሹ መጠን ብዙ ይሠራል እንጂ ትልቁ መጠን ለዘብተኛ አይሆንም። «ናኖ» የሚለው ጽሑፍ ራሱም ዋስትና አይሆንም፤ በዚያው በአውሮፓ ሕግ የመዋቢያ ናኖ ቁስ የሚባለው የማይሟሟው ወይም ሳይፈርስ የሚቆየው ነው፣ የሚፈርስ የስብ ቅንጣት በዚያ አይጠቃለልም።

ከማራኪ፦
«ጠዋት ተቀብተው» የሚለውስ? ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። በጥምቀት ሰሞን ባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ሙሉ ቀን ቆሞ የሚውል ሰው ይህን ማስታወቂያ አምኖ ቢቀባ ምን ይሆናል?

ከአዘዞ፦
ማታ ተቀብቶ ጠዋት የፀሐይ መከላከያ መጠቀም ነው የሚበጀው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመፀነስ የምታስብ ሴት ደግሞ፣ ናኖም ይሁን ሌላ፣ ሬቲኖይድ (ሬቲኖልንና ዘመዶቹን) ባትቀባ ይሻላል። እትዬ፣ ይህን ሲሸጡ ይጠይቃሉ?

ከፒያሳ፦
እርግዝናን ጠይቄ አላውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ እጠይቃለሁ። «ጠዋት» የሚለውንም አነሣለሁ። «ሳይነካ» የሚለውን ግን አልቀይርም፤ ደንበኞቼ ትርጉሙን ያውቁታል።

ከማራኪ፦
እኔም ደንበኛ ነበርሁ፣ እትዬ፤ ትርጉሙን አላወቅሁትም።

ከሳሙና በር፦
ሁላችሁም ስለማታውቁት ክሬም ነው የምትከራከሩት። የሳጥኑ ጀርባ ፎቶ ይለጠፍና ሬቲኖል መሆኑን፣ መጠኑንና የማብቂያ ቀኑን እንይ።

ከፒያሳ፦
ነገ ሱቄን ስከፍት እልካለሁ። ጽሑፉ ግን እኔ የማላነበው ቋንቋ ነው።

ከቁስቋም፦
ታዲያ እርስዎ ያላነበቡትን ለማን ነው የሚሸጡት?