ጣሪያዬ ውሃ እያፈሰሰ ነው! ሬንተርስ (የተከራይ ዕቃ) ኢንሹራንስ የት ነው የሚደወለው?

ጠያቂዋ፦ ወገኖቼ፣ አሁን በዚች ሰዓት ከላይ ቤት ውሃ በሳሎኔ ጣሪያ እየወረደብኝ ነው። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ላፕቶፑ ሁሉም በስብሷል። ሊዚንግ ኦፊስ ተዘግቷል። የማታውን ተረኛ ብደውልለት "ለዕቃሽ ኢንሹራንስሽን ጠይቂ" ብሎ ዘጋብኝ። ኢንሹራንስ በየወሩ ከኪራዩ ጋር 14 ዶላር ከ50 እከፍላለሁ፣ ግን ማን ጋ እንደሚደወል አላውቅም። እባካችሁ ቶሎ!

የአሌክሳንድሪያው፦ እህቴ፣ ኢንሹራንሱ ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ የሳሎኑን ኤሌክትሪክ ከብሬከሩ አጥፊ። እርጥብ ሶኬት እንዳትነኪ። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ካለብሽ ተይው፣ ቤት ያለውን ሰው ይዘሽ ውጪና 911 ደውዪ። ጣሪያው ወደ ታች ከተነፋ ከሥሩ እንዳትቆሚ። ከዚያ ዕቃ ሳታነሺ ሁሉንም በስልክሽ ቅረጪ። የት ስቴት ነሽ?

ቡና አፍይ፦ ከሁሉ በፊት የበርበሬውን ጣሳ አውጪ! ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ የሚተካ ኢንሹራንስ የለም 😀 አይዞሽ እህት፣ እንድትረጋጊ ብዬ ነው። አንድ የምነግርሽ ግን የተበላሸውን ዕቃ ቶሎ እንዳትጥዪው። እኔ የራሰ ሶፋዬን በዚያው ሌሊት ጥዬው፣ በነጋታው የኢንሹራንሱ ሰው "የታለ?" ሲለኝ የማሳየው አጣሁ። የግድ የሚጣል ከሆነ ፎቶና የሞዴል ቁጥሩን ያዢ፣ ከምንጣፉም ቁራጭ ቆርጠሽ አስቀምጪ።

የድሮ ተከራይ፦ ልጄ፣ ይሄ "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚሉት ነው። እኛ መኪናችንን ሕጉ ስለሚያስገድደን ኢንሹራንስ እንገዛለን፣ ቤታችን ያለውን ግን እንረሳዋለን። ከመሶቡ እስከ ቴሌቪዥኑ፣ የልጆቹን ጫማና የክረምት ካፖርት ጭምር ደምሪው፤ ከመኪናሽ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሰው ሊዝ ሲፈርም የኪራዩን መጠን ብቻ አይቶ ይፈርማል። አንብቡ እያልኩ ስንቱን መከርኩ! ለማንኛውም ብሬከሩን አጥፊ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ ምክርዎን አከብራለሁ፣ ግን እኔ እኮ ገዝቻለሁ፤ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ብሬከሩን አጥፍቻለሁ። ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

የልጆች እናት፦ እህቴ፣ ልብሽ እንዳይሰበር እንጂ ያ 14 ዶላር ከ50 ያንቺ ኢንሹራንስ ላይሆን ይችላል። ኪራይ የምትከፍዪበት ፖርታል ገብተሽ ክፍያው ምን ተብሎ እንደተጻፈ እይው። "ላያቢሊቲ ዌቨር" ወይም እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ የሚጠብቀው ባለቤቱን ነው። አንቺ እሳት ብታስነሺ ወይም ውሃ ብታፈሺ ለሕንፃው ጉዳት ይሆናል፤ ለሶፋሽ ግን አምስት ሳንቲም የለውም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ስከፍል ኖሬያለሁ። እውነተኛው በስምሽ የወጣ ፖሊሲ አለው፣ የመጀመሪያው ገጹ ላይም "ፐርሰናል ፕሮፐርቲ" ከሚለው ጎን የገንዘብ መጠን ተጽፏል።

ጠያቂዋ፦ አየሁት። "ላያቢሊቲ ዌቨር" ነው የሚለው። አንድ ዓመት ተኩል ከፍዬ! አሁን ኦንላይን ብገዛስ? ደግሞስ ጣሪያው የባለቤቱ አይደል እንዴ፣ ለምን እሱ አይከፍለኝም?

ታክሲ ነጂው፦ አሁኑኑ ግዢና ነገ ክሌም አድርጊ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዲህ አትምከራት! ፖሊሲው ከመጀመሩ በፊት የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም። ቀኑን ቀይሮ መናገር ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ለተረኛው የደወለችበት ሰዓት ተመዝግቧል እኮ።

የአሌክሳንድሪያው፦ የባለቤቱ ኢንሹራንስ ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው የሚያሠራው። ዕቃሽን የሚከፍልሽ ጥፋት ካለበት ነው፤ ለምሳሌ እንደሚያፈስ ተነግሮት ዝም ካለ። የላይኛዋ ጎረቤትም እንደዚሁ፣ ቸልተኛ ካልነበረች አትጠየቅም። ከዚህ በፊት ጣሪያው ላይ ምልክት አይተሽ ነበር?

ጠያቂዋ፦ አዎ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ቡናማ እድፍ አይቼ በስልክ ነግሬያቸው "ሰው እንልካለን" አሉኝ። ማንም አልመጣም።

የአሌክሳንድሪያው፦ ዋናው ነገር ይሄ ነበር እኮ እህቴ! የጥሪሽን ታሪክ ስክሪንሾት አንሺ፣ የእድፉ ፎቶ ካለሽም ፈልጊው። ከዚያ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊላቸው፦ በዚህ ቀን ደውዬ ስለ እድፉ ነግሬያችሁ ነበር፣ አልመጣችሁም፣ ዛሬ ውሃው ወረደ፣ የተበላሸብኝ ይህና ይህ ነው፣ ክፈሉኝ። እንቢ ካሉ 311 ደውለሽ የሞንትጎመሪ ካውንቲን የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ጠይቂ። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ በስሞል ክሌም (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ፍርድ ቤት) መክሰስም ይቻላል።

ታክሲ ነጂው፦ እስኪከፍሉሽ ኪራዩን ያዢባቸው።

የድሮ ተከራይ፦ እንዳታደርጊው ልጄ! ቤት አስለቅቁልን ብለው ፍርድ ቤት ይሄዱብሻል። ሜሪላንድ ውስጥ ከባድ ብልሽት አልጠግን ሲሉ ኪራዩን ለፍርድ ቤት የማስያዝ ሕግ አለ። መንገዱ እሱ ነው፣ በራስሽ አይደለም።

የልጆች እናት፦ እህቴ፣ ይሄ ሲያልፍ ለራስሽ የሚሆነውን ስትመርጪ ዋጋውን ብቻ አትዪ። መጀመሪያ "ሪፕሌስመንት ኮስት ነው ወይስ አክቹዋል ካሽ ቫሊዩ?" ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያው ሶፋሽን በአዲስ ዋጋ ይተካል። ሁለተኛው ያረጀበትን ስለሚቀንስ፣ በ900 ዶላር የገዛሽው የአምስት ዓመት ሶፋ ላይ ዲዳክተብሉ (መጀመሪያ ከራስሽ ኪስ የሚቀነሰው) ሲነሳ ምንም ላይተርፍሽ ይችላል። የእኔ 25,000 ለዕቃ፣ 100,000 ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት)፣ ዲዳክተብሉ 500 ሆኖ በወር 18 ዶላር ነው። ቤቱ እስኪጠገን የሆቴል ወጪ መሸፈኑን አረጋግጪ፤ እኔ ልጆቼን ይዤ ዘጠኝ ሌሊት ሆቴል ያደርኩት በእሱ ነው። ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ የሚያመጣው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል፣ ከውጭ የሚገባ ጎርፍ ግን አይሸፈንም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው። የፍሳሽ መመለስም (የቆሻሻ ቧንቧው ወደ ቤት ሲመልስ) ተጨማሪ ነው፤ ምድር ቤት ከሆንሽ አስጨምሪው። ሩምሜት ካለሽ ስሟ ፖሊሲው ላይ ካልገባ የእሷ ዕቃ አይቆጠርም። ገዝተሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ለኦፊሱ ላኪና ያንን 14 ዶላር ከ50 አስነሺ፤ ካልጠየቅሽ ሁለቱንም ስትከፍዪ ትኖሪያለሽ።

ቡና አፍይ፦ የሠርግ ወርቅስ እንዴት ነው? የባለቤቴ እቤት ነው ያለው።

የልጆች እናት፦ ለተሰረቀ ጌጣጌጥ ብዙ ፖሊሲ ቢበዛ የሚከፍለው 1,500 ዶላር ነው። አስገምተህ ለብቻው አስመዝግበው። ጥሬ ገንዘብ ከሆነማ 200 ዶላር ብቻ የሚሉ አሉ።

ታክሲ ነጂው፦ ከመኪና ውስጥ ዕቃ ሲሰረቅም የሚከፍለው ሬንተርስ ነው፣ የመኪናው ኢንሹራንስ አይደለም። እኔ ይህን ያወቅኩት መስታወቴ ተሰብሮ ላፕቶፔ ከሄደ በኋላ ነው።

ጠያቂዋ፦ ሜንቴናንስ አሁን መጣ። የላይኛው ቤት የልብስ ማጠቢያ ቱቦ ነው አለኝ፣ "ቆይቷል ሲያንጠባጥብ" ብሏል። ውሃው ቆሟል። ኢሜይሉን እየጻፍኩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

የአሌክሳንድሪያው፦ "ቆይቷል" ያለውን ቃል በቃል ጻፊው፣ ስሙንና ሰዓቱንም ጭምር። ማድረቂያ ማራገቢያ ዛሬ ማታ እንዲያመጡ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል።

የድሮ ተከራይ፦ ብሬከሩን ኤሌክትሪሺያን ሳያይ እንዳታበሪ ልጄ።

የልጆች እናት፦ እህቴ፣ ሦስት ቀን ሆነ፣ እንዴት ሆናችሁ? ለኢሜይሉ መልስ ሰጡሽ?