ከክርስትና በፊት አይሁድ ስለ መላእክት ምስጋና ምን ያምኑ ነበር?

ከለገጣፎ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሰፈር ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ቤት ድረስ ይሰማል። መላእክት በሰማይ ያመሰግናሉ የሚለው እምነት ከክርስትና በፊትም ነበረ እንዴ?

ከሰንዳፋ፦ በደንብ ነበረ ወንድሜ። ኢሳይያስ 6ን አንብብ፣ ሱራፌል «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» የሚሉት እዚያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፣ ከክርስትና በፊት የተጻፈ የአይሁድ መጽሐፍ። መላእክት በመጀመሪያው ቀን ተፈጠሩ፣ ከፍ ያሉትም ሰንበትን ከእግዚአብሔር ጋር በሰማይ ያከብራሉ ይላል፤ ስለዚህ እስራኤል ሰንበትን ሲያከብር ብቻውን አይደለም፣ ከመላእክት ጋር ነው ማለት ነው። በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው!

ከገላን፦ የቁምራን ጥቅልሎችንም አትርሱ፣ በሙት ባሕር አጠገብ ዋሻዎች ውስጥ የተገኙትን የጥንት አይሁድ ጽሑፎች። ለ13 ሰንበታት የተጻፉ 13 መዝሙሮች እዚያ ተገኝተዋል፣ ቁራጫቸው ማሳዳ በሚባለው የጥንት አይሁድ ምሽግም ተገኝቷል። በእነሱ ውስጥ ሰማይ ራሱ ቤተ መቅደስ ነው፣ መላእክቱም ካህናት። መጽሐፈ ሄኖክም በአራማይክ የተጻፈ ቁርጥራጩ እዚያው ቁምራን ተገኝቷል፤ ሙሉውን ያቆየው ግን የእኛው ግእዝ ነው።

ከለገጣፎ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሁሉም አይሁድ እንዲህ ያምን ነበር?

ከሰንዳፋ፦ አይ፣ ሁሉም አይደለም። ሐዋርያት ሥራ 23፥8 ላይ ሰዱቃውያን የሚባሉት የአይሁድ ወገን መልአክ የለም እንደሚሉ ተጽፏል፤ ሌላው ወገን፣ ፈሪሳውያን፣ ግን ያምናሉ።