የጎፍ ጫካንና ሐይቅ ዙሪያን በእግር ልንዞር ነው፤ መዥገሩን ምን እናድርገው?

ቃሉ_ገመገም

ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም መጨረሻ ከኮምቦልቻ ተነስተን የጎፍን ልንወጣ፣ በማግስቱ ደግሞ የሐይቅንና የአርድቦን ዳርቻ በእግር ልንዞር ነው። ስምንት ነን፤ አንዱን ሌሊት በድንኳን እናድራለን። ሳሩ ያን ጊዜ ጉልበት ስለሚደርስ ያሳሰበን መዥገር ነው። ሦስት ነገር አልጠራልንም፦

ለከብት መዥገር የሚሸጠውን ዳያዚኖን የተባለ መርዝ ሱሪና ካልሲ ላይ እርጩት የሚሉን አሉ፤ ይሆናል? ተጣብቆ ሲገኝስ ላምባ ነው ወይስ ክብሪት? ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «መዥገር እንደነከሰህ ዶክሲሳይክሊን ዋጥ» የሚል አይተናል፤ ገዝተን እንያዝ?

የከብት_ሐኪም

ዳያዚኖኑን እርሱት። ገበያ ላይ ያለው 60 በመቶ የሆነ ጠንካራ ፈሳሽ ነው፤ ለከብት እንኳ በብዙ ውኃ ሳይበረዝ አይረጭም። በቆዳ ሰርጎ ይገባል፤ በላብ ርሶ ቀኑን ሙሉ ባት ላይ የሚለጠፍ ሱሪ ደግሞ ለመመረዝ ከዚያ የተመቸ የለም። ምራቅ መዝረክረክ፣ ማላብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ማስታወክ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለልብስ የተሠራው ፐርሜትሪን ነው፣ 0.5 በመቶ የሆነው። ከጉዞው አንድ ቀን ቀድማችሁ ሱሪ፣ ካልሲና ጫማ ላይ ደጅ ሆናችሁ ርጩ፤ እስኪደርቅ ይሰጣ፤ ከዚያ ልበሱ። ቆዳ ላይ አይደረግም። ፋርማሲ ያለው 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባት የእከክ መድኃኒት ነውና ስሙ አንድ ስለሆነ አትሳሳቱ። ቤታችሁ ድመት ካለች ልብሱ ሳይደርቅ አታስጠጓት፤ ይገድላታል።

አሁን ወደ ቦታው። መዥገር ከብቱን ተከትሎ ነው የሚኖር። የጎፍ ላይ ጥዱና ወይራው ጥቅጥቅ ካለበት ይልቅ መንጋ የሚመላለስበት የጫካው ዳር፣ ከብት የሚያርፍበት ጥላ፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ የግጦሹ ሳር ያሰጋል። ምሳ ለመብላት ደስ የሚለው ጥላ ከብቱም የሚወደው መሆኑ ነው ክፋቱ። እበት ካያችሁ አትቀመጡ፤ ድንኳንም አትትከሉ።

ዋናው ዓይነት ባለቀለሙ ነው፤ ወንዱ ጀርባው ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ሐረግ አለበት፣ እግሩ ነጭ ቀለበት ቀለበት ነው። ይህ ሳር ላይ ተሰቅሎ ብቻ አይጠብቅም፤ ትንፋሻችሁን አሽትቶ ከመሬት እየሮጠ ይመጣል። ትልልቁ ዝናቡ ሲገባ ይበዛል። ዝናቡ ሲወጣ፣ ማለትም እናንተ በምትሄዱበት ሰሞን፣ የተፈለፈሉት ትንንሾች ሳር ጫፍ ላይ በመንጋ ይሰቀላሉ። የጤፍ ፍሬ ነው የሚያክሉ፤ ሱሪ ላይ የተበተነ አቧራ ይመስላሉ። ሳይነክሱ ከደረሳችሁባቸው በጣት አትልቀሙ፤ ሰፊ ፕላስተር ለጥፋችሁ አንሡ፣ ፕላስተሩን አጥፋችሁ ጣሉት።

ከብት ላይ ተነፍቶ የምታዩት ግራጫ ሰማያዊው መዥገር ሰውን እምብዛም አይነክስም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ግን እሱን ነው።

የላስታ_መንገድ

የሐኪሙ እንዳለ ሆኖ፣ አለባበሱ ላይ ልጨምር። መዥገር ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣ። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ፣ ካናቴራውን ሱሪ ውስጥ ክተቱ። ልብሱ ነጣ ያለ ይሁን። እጅና አንገት ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለው ማባረሪያ ይቀባል፤ የፀሐይ ቅባት ካላችሁ እሱ ይቀድማል። ዲት ፕላስቲክ ያቀልጣልና ከሰዓትና ከመነጽር አርቁት።

በየሁለት ሰዓቱ ቆም ብላችሁ ሱሪያችሁን ተመልከቱ። ማታ ድንኳን ከመግባታችሁ በፊት ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ በባትሪ ተፈታተሹ፤ የጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ የቀበቶ መስመር፣ እምብርት፣ ብብት፣ ጆሮ ጀርባና የፀጉር ሥር። የቀበቶውን መስመር የሚዘለው ብዙ ነው። ልብሱን ቀዝቃዛ ውኃ አያጸዳውም፤ ቤት ስትደርሱ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት።

ላምባም፣ ክብሪትም፣ ቫዝሊንም አይሆንም። መዥገሩ ሲቃጠል ወይም ሲታፈን ቶሎ አይለቅም፤ በዚያ መሀል የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። የሚያስፈልገው ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ነው፤ እሾህ የምናወጣበቱ በቂ ነው። ሆዱን ሳይሆን ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን አፉን ያዙ፤ ሳትጠመዝዙ፣ ሳትነጥቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡ። ባለቀለሙ አፉ ረዥም ስለሆነ ይጸናል፤ ቸኩሎ የሚስብ ይበጥሰዋል። ከዚያ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ወይም በአልኮል፣ እጃችሁም እንዲሁ። በጥፍር አትጨፍልቁት። ወደ ባቲና ቆቦ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ይኼ ይበልጥ ይጠበቅ፤ በደረቅ ቆላ የሚኖረው፣ ሰው እያሳደደ የሚሮጠው ሃያሎማ የተባለው ወገን የክሪሚያ ኮንጎ ትኩሳትን የሚያስተላልፍ ነው፤ ያ በሽታ መዥገር በእጅ ሲጨፈለቅም ይይዛል።

ጤና_መኮንን

አብሽሩ፣ ዶክሲሳይክሊን ከወዲሁ አይዋጥም። ያያችሁት «አንድ ጊዜ 200 ሚሊግራም» የሚለው ምክር በሰሜን አሜሪካ ላለው፣ «ላይም» ለሚባለው የመዥገር በሽታ ነው፤ መዥገሩም በሽታውም ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው የአፍሪካ መዥገር ንክሻ ትኩሳት ነው፤ ባክቴሪያው ሪኬትሲያ አፍሪኬ ይባላል፣ የሚያስተላልፈውም ያ ባለቀለሙ ነው።

የተነከሳችሁበትን ቀንና የአካል ክፍል ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ሁለት ሳምንት ተከታተሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የማጅራት መጨምደድ ይመጣል። ንክሻው ቦታ ላይ ዙሪያው ቀልቶ መሀሉ የከሰለ ጥቁር ቅርፊት ይታያል፤ ሁለት ሦስት ቦታም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያው ንፍፊት ይወጣል፤ እግር ከሆነ ብሽሽት ላይ። ቅርፊቱ ስለማያም ሕመምተኛው ሳያሳየው ይወጣል፤ ስለዚህ ራሳችሁ ገልጣችሁ አሳዩ፣ «መዥገር ነክሶኛል» ብላችሁም ተናገሩ። አለዚያ ወረፋው «ታይፎይድ ታይፈስ» ተብሎ ያልቃል። ለታይፈስ የሚደረገው የዊል ፌሊክስ የደም ምርመራም ብዙ አይረዳም፤ በዚህ በሽታ ፀረ እንግዳ አካሉ ደም ውስጥ ለመታየት ሳምንታት ይፈጅበታል።

ለአዋቂ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ7 ቀን ነው። በብዙ ውኃ ይወሰድ፤ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይሁን፤ ከዋጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኛም፤ ፀሐይ ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል። እርጉዝ ካለች አስቀድማ ትናገር። በ48 ሰዓት ትኩሳቱ ካልወረደ ምርመራው እንደገና ይታይ።

ታዲያ ኪሳችሁ ይዛችሁ ትኩሳት ሲመጣ ለምን አትውጡትም? ሁለት ምክንያት አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ታች ያለው አገር ወባ አለበት፤ የደም ምርመራ ሳይደረግ ጊዜ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛው ግርሻ የሚባለው፣ እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት ነው፤ በቅማል የሚተላለፈው። እሱም በዚሁ መድኃኒት ይድናል፤ ግን የመጀመሪያው ፍሬ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ሊያስነሳና የደም ግፊትን ሊጥል ስለሚችል ጤና ጣቢያ ተኝቶ ነው የሚወሰድ።

ቃሉ_ገመገም

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ዳያዚኖኑ ቀርቷል። አንድ ብቻ፦ ሲሳብ ተበጥሶ አፉ ቆዳ ውስጥ ቢቀርስ?

የላስታ_መንገድ

ላዩ ላይ ከታየ በወረንጦ አንዴ ሞክሩ። እንቢ ካለ ተዉት፤ በመርፌም በእሾህም አትቆፍሩ። ቆዳው ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል፤ የሚያመረቅዘው መቆፈሩ ነው። ትንሽ እብጠትና ማሳከክ ለቀናት ይቆያል። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ግን ጤና ጣቢያ።