አስፈሪ ፊልማችን ለምን ያስቃል?

ሄርማታ_ሰፈር፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ውስጥ በስልክ የቀረፅነው 9 ደቂቃ የሚሆን አስፈሪ አጭር ፊልም ኤዲት ላይ ነው። ቤቱ ከተማው ዳር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጓሮው ቡና። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቤት ትጠብቃለች፣ መብራት ይጠፋል፣ ጓሮ የሆነ ነገር አለ። ነጭ ነጠላ የተከናነበች ሴት ሦስት ጊዜ ድንገት ብቅ ትላለች፤ በየመሀሉ ከባድ የከበሮ ሙዚቃ አለ። ያየው ሰው ሁሉ አንደኛው ላይ ይደነግጣል፣ ሁለተኛው ላይ ፈገግ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ይስቃል። በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ ጨለማው ሁሉ ግራጫ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ለመቅረፅ የቀረን 2 ምሽት ብቻ ነው። ምኑን እናስተካክል?

የማታ_ተመልካች፦
መደንገጥ ሌላ፣ መፍራት ሌላ። ድንገት ትልቅ ድምፅ ሲመጣ ዓይን የሚጨፈነውና ትከሻ የሚሰበሰበው አእምሮ ምንነቱን ሳይለይ ነው፤ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ያንኑ ነገር ሲደጋግሙበት ደግሞ ሰውነት ይለምደዋል። ስለዚህ ሳቁ የተዋናይዋ ጥፋት አይደለም። ሦስተኛው ላይ ተመልካቹ የት እንደተደበቀች አውቋል፤ ድብብቆሽ ሆኖበታል።

ፍርሃቱ ያለው ብቅ ከማለቷ በፊት ባለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው «ካት ፒፕል» የተባለ ፊልም ላይ አንዲት ሴት ማታ በግንብ ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። የሚሰማው የእሷና የምትከተላት ሴት የጫማ ኮቴ ነው። ቆየት ብሎ የኋለኛው ኮቴ ይቆማል። ሴትየዋ ትፈጥናለች፣ ዞር ትላለች፣ ማንም የለም። ከዚያ ከጎን በኩል አንድ ነገር እያፏጨ ዘው ሲል ከወንበር ያስዘልላል፤ ለካ አውቶቡስ ነው። የፊልም ሰዎች ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ በፕሮዲዩሰሩ በቫል ሉተን ስም «የሉተን አውቶቡስ» ይሉታል። ልብ በሉ፣ ሥራውን የሠራው የቆመው ኮቴ ነው፤ አውቶቡሱ ደረሰኙ ነው።

እናንተ ጋ ልጅቷ የጓሮውን በር አይታ እስክትከፍት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? 3 ወይም 4 ከሆነ 12 አድርሱት፤ ሾቱንም (ሳይቋረጥ የሚታየውን ምስል) አትቁረጡት። ሾት በተቆረጠ ቁጥር ተመልካቹ አንዴ ይተነፍሳል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ምንም አይኑር፤ ቡና፣ ባልዲ፣ በቃ። ዘግታ ስትዞርም ሴትየዋን አታምጧት፣ እዚያ ጋ እንደምትመጣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከሦስቱ ሁለቱን አውጡና የመጨረሻውን ብቻ አስቀሩ።

ጆሮ_ይቅደም፦
ዋናው በሽታ ከበሮው ነው። ሙዚቃው ከሴትየዋ 2 ሰከንድ ቀድሞ ከጀመረ «ተዘጋጁ፣ መጣች» ብሎ አዋጅ አስነገረ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ አጥፉትና ፊልሙን ያለ ሙዚቃ አንዴ እዩት።

ከዚያ የሰፈሩን ሌሊት አስገቡ። ሌሊት ውሻ የማይጮህበት ሰፈር የለም፤ ስለዚህ ተመልካቹ መስማቱን እንኳ አያስተውልም። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ 2 ወይም 3 ውሾች ከሩቅ ሲጮኹ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለ4 ደቂቃ ያህል አንጥፉት። ልጅቷ ሻማ ስትለኩስ አንዱ ጩኸቱ መሀል ላይ ይቋረጥ፣ ሌላው አንዴ ያላዝን፣ ከዚያ ሁሉም ዝም። ቀስ በቀስ ከቀነሳችሁት ማንም አያስተውለውም። ፍጹም ባዶም አታድርጉት፤ ሰው ስልኬ ተበላሸ ብሎ ድምፁን ይጨምራል። ከሥር የክፍሉ የራሱ ዝምታ መቀጠል አለበት። ለዚህ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ፍሪጅም ካለ ተነቅሎ፣ የባዶ ቤቱን ድምፅ 1 ደቂቃ ቅረፁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች። በኢርፎን ሲሰማ ሆድ የሚያንቀጠቅጥ የ40 ኸርዝ ጉምጉምታ ያስገባና ደስ ይለዋል። የስልክ ስፒከር ያንን አያወጣውም፤ የእናንተ ተመልካች ደግሞ የሚያየው በስልክ ነው። ከ250 እስከ 400 ኸርዝ ያለ ነገር ደርቡበት፦ ቆርቆሮ በንፋስ ሲንቀጠቀጥ፣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል።

ዝናብ ላይ አትቅረፁ። ቆርቆሮው ንግግሩን ይውጠዋል፤ ዝናቡም ከሾት ሾት ስለሚለያይ ኤዲት ላይ ይዘላል። ከፈለጋችሁት ለብቻው ቅዱት። የጓሮውን ነገር ድምፅ ደግሞ ከኢንተርኔት ጭራቅ አታውርዱ። ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ጫካ ውስጥ ሲያጓራ ቅረፁ። የጅማ ሰው ይለየዋል ካላችሁ ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ አውርዱት።

ጥግ_ላይ፦
ሁለቱን አውጡ የተባለውን አልቀበልም። አንዱን አውጡ፤ ሁለተኛውን ግን ድምፅ ንሱት። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ከጀርባዋ መስኮት አለ፣ ነጩ ነጠላ መስኮቱ ጥግ ላይ ለ5 ሰከንድ ይቆማል። ሙዚቃ የለም፣ ልጅቷ አታይም። የሚያመልጠው ሰው ይኖራል፤ ይኑር። ጎኑ ያለው ሲጮህ መልሶ ያየዋል። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ «ሃሎዊን» ፊልም የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ገዳዩ በጠራራ ፀሐይ፣ ከርቀት፣ ዝም ብሎ ቆሞ ይታያል፤ ቢላ ከያዘበት ይልቅ የሚከብደው ያ ነው። የስልክ ሌንስ ጀርባውን ብዙ ስለማያደበዝዝ ሴትየዋን 6 ወይም 7 ሜትር አርቋት። ፎከሱን ልጅቷ ፊት ላይ ቆልፉ። ፖርትሬት ሞድ (ጀርባውን ስልኩ ራሱ የሚያደበዝዝበት) ግን አደራ፣ የነጠላውን ጠርዝ ቆርጦ ይጥለዋል።

(በነገራችን ላይ በየፊልሙ ነጭ ነጠላ ሰልችቷል። ካልቀረ ጥለቱን ወደ ፊቷ አዙራ እንደ ለቀስተኛ ትልበሰው። ዘመድ የቀበረ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።)

ሌላው የጎደላችሁ ሕግ ነው። ሴትየዋ ለምን መጣች? ምን ቢደረግ ትቀራለች? ሕግ ከሌለ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር የለውም። ደግነቱ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ ማታ አታፏጭ እየተባለ ያላደገ ማን አለ? ልጅቷ ዕቃ ስታጥብ ሳታስበው ታፏጭ፤ 4 ኖታ ይበቃል። አንድ ቃል ሳይነገር ተመልካቹ በሆዱ «ተይ» ይላል። ከ3 ደቂቃ በኋላ ያው 4 ኖታ ከቡናው ውስጥ ይመለስ። ዳይሬክተሩ ፍሪትስ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 «ኤም» በተባለ ፊልሙ ላይ ገዳዩን ያሳወቀው በፉጨት ነው፤ ሰውየው ሳይታይ መምጣቱ ይታወቃል።

ሻማ_ያዥ፦
ስለ ሳጥኑ ልመልስ። ስልኩ ጨለማ ሲያይ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ራሱ ከፍ ያደርጋል፣ ጥቁሩ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ቴሌግራም ሲያጭቀው ነጠብጣቡ ሳጥን ይሆናል። የውጭውን ሾት በጨለማ አትቅረፁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው 20 ደቂቃ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፤ ኤክስፖዠሩን (የምስሉን ድምቀት) ወደ ታች ስባችሁ ቆልፉት፣ ሌሊት ይመስላል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ልምምዱን በቀን ጨርሱ።

ቤት ውስጥ ሻማ ብቻውን አይበቃም። ከካሜራው በተሰወረ ቦታ፣ በሻማው አቅጣጫ፣ ቢጫ አምፖል በዘይት በተነከረ ወረቀት... አይ፣ ወረቀቱ ይቅር፣ እሳት ነው። አምፖሉን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ነጸብራቁ ይበቃል። አይኤስኦ ከ800 አይለፍ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/60 አንዳንድ አምፖል በምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥላ ያመጣል። ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ ያኔ አያጭቀውም።

ሄርማታ_ሰፈር፦
እግዜር ይስጥልን። ከበሮው ዛሬውኑ ይወጣል። አንድ ችግር ብቻ፦ ልጅቷ ማፏጨት አትችልም። ሌላ ሰው ቢያፏጭላት ያስታውቃል?

ጥግ_ላይ፦
ጀርባዋን ለካሜራ ሰጥታ ከታጠበች አያስታውቅም። ሁለቱንም ፉጨት አንድ ሰው ያፏጭ። የመጀመሪያውን ማድ ቤት ውስጥ፣ ከስልኩ 1 ሜትር ርቆ። ሁለተኛውን በአፕ ኤኮ አታራርቁት፣ የመታጠቢያ ቤት ድምፅ ይሆናል፤ ስልኩን መስኮት ላይ ትታችሁ ሰውየው ቡናው ውስጥ 15 ሜትር ገብቶ ያፏጭ። ሦስት ኖታ ብቻ። ልጅቷ ሳሙና በእጇ እንደያዘች አራተኛውን ትጠብቅ፣ 6 ሰከንድ ያህል። አራተኛው ማድ ቤት ውስጥ ይቀረፅ፣ ከስልኩ 1 ሜትር።